በእሸት ቡና መሃል የጠፋችው ኢያስጲድ

የቦንጋው ልብስ ሰፊ አስናቀ ድንጋይ ሲያይ እንደ ሰው አልፎ አይሄድም። ያነሳዋል፣ በምራቁ ያረጥበዋል፣ ለፀሐይ ያሳየዋል፣ ኪሱ ይከተዋል። ሚስቱ ጽጌ ሱሪውን ባጠበች ቁጥር «ያገባሁት ልብስ ሰፊ ነው ወይስ የኮብልስቶን ማኅበር?» ትለዋለች። እሱ እቴ! ከሺሺንዳ መንገድ ዳር ያነሳው ቀይ ድንጋይ ቄሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሲያነቡ የሰማው ኢያስጲድ የተባለው የከበረ ድንጋይ መሆኑን ካወቀ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። አሮጌ የስፌት መኪና ሞተር ላይ መሳያ ድንጋይ ገጥሞ፣ ከሥራ በኋላ ውሃ እያንጠባጠበ ይሞርዳል፤ በጂንስ ቁራጭ ይወለውላል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የአስናቀ ድንጋዮች ግን ሊሄዱ ሲሉ ስንጥቅ ይላሉ።

ሲጋቡ ቀለበቱ የውሰት ነበር፤ ይህ ነገር ዓመታት ሲቆረቁረው ኖሯል። ስለዚህ ለቅዳሜው የጋብቻቸው የብር ኢዮቤልዩ ድግስ ጽጌ በእጁ የሠራውን ፈርጥ እንደምታደርግ ለሰፈሩ ሁሉ አፉን ሞልቶ አወራ። የብር ቀለበቱንም ጅማ አሠርቶ አመጣ።

ሐሙስ ከሰዓት ተሳካለት! ጀርባዋ ጠፍጣፋ፣ ፊቷ ጉብ ያለ፣ የቡና ፍሬ የምታክል ቀይ ፈርጥ። የቀረው የመጨረሻው ውልወላ ብቻ ነው። ድንጋዩን ሲወለውል ከሚይዝበት እንጨት ጫፍ የሚያጣብቀው ነገር ግን የማር ሰም ነበር፤ ቢታ ገነት የማር ቀፎ ያለው አማች እያለው ሙጫ የሚገዛ የካፋ ሰው የት አለ? ሞተሩ ላይ የተጠመጠመው ጂንስ ሲሽከረከር ድንጋዩ ጋለ፣ ሰሙ ቀለጠ፣ ፈርጧ ተፈናጥራ አጥር ዘለለች። ያረፈችውም ጎረቤቱ የቡና ነጋዴ እትዬ ከዲጃ ገና አሁን ያሰጡት እሸት ቡና ላይ ነው።

«አስናቀ፣ ደግሞ ምን ወረወርክብኝ?»

«ፈርጥ ናት እትዬ! ቀይ ናት፣ ድብልብል ያለች!»

እትዬ ከዲጃ ከዳር እስከ ዳር ቀይና ድብልብል የሆነውን ማስጫ አዩ። «ከነዚህ የትኛዋን ላንሳልህ?» ብለው ሻሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲበረብር አመሸ፤ ፈርጧ የለችም።

«ተወው» አሉ እትዬ ከዲጃ። «እሸቱ ሲደርቅ ይጠቁራል። ያልጠቆረችው ያንተ ናት።»

ቅዳሜ አስናቀ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ጽጌ ግን ባዶውን ቀለበት አጥልቃ፣ ለገባው እንግዳ ሁሉ ጣቷን እያሳየች «ፈርጡ እትዬ ከዲጃ ግቢ ፀሐይ እየሞቀ ነው!» ትል ነበር። ድግሱ በሳቅ ታመሰ።

ከዚያ ወዲያ አስናቀ ጠዋት ጠዋት አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቡና ሲደርቅ ማየት ሥራው ሆነ። ቀዩ ቡኒ ሆነ፣ ቡኒው ጠቆረ። አንድ ቀን ከእትዬ ከዲጃ ግቢ የጽጌ ጩኸት ሰፈሩን አናጋው።

«አስናቀ! ና ቶሎ! አንዷ እምቢ ብላለች!»

ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሮጠ። ደርቆ በጠቆረው ጀንፈል መሃል አንዲት ቀይ ቁጭ ብላለች። እትዬ ከዲጃ እልል አሉ፤ አስናቀ በዚያ ዕድሜው ጮቤ ረገጠ። ፈርጧንም ቀለበቱ ላይ በሙጫ አጣበቃት፤ የሰም ስም እንኳ ባፉ አልጠራም።

ጽጌ ጣቷን ዘርግታ አየች፣ ከዚያ እሱን አየች።

«እኔም እንደሷ ነኝ» አለችው። «ይህን ሁሉ ዘመን ካንተ ጋር ፀሐይ ላይ ተሰጥቼ አልደረቅኩም።»

አስናቀ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንጋዩን ረስቶ ፊቷን አየ። ጣቷን እንደያዘ ቀረ።