ያላየሁት እጅ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የጀልባውን መሪ አላስነኩኝም። ባሻ ወርቁ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ፊቴን ወደ ሞተሩ አዙረው አስቀመጡኝና ሰው ሲወድቅ የማነሳው ብርቱካናማ ባንዲራ ሰጡኝ። «ዛሬ የምታየው ገመዱንና ገመዱ ጫፍ ላይ ያለውን ሰው ብቻ ነው። እኔ በስምህ ብጠራህም አትዞርም» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ጠሩኝ። ዞርኩ። ጀልባውን አቁመው ወደ ዳር መለሱኝና ያን ቀን ሙሉ ገመድ ሳጥብ ዋልኩ።

እኔ የሰበታ ልጅ ነኝ። ከዚያ በፊት የውሃ ፓምፕና የጄኔሬተር መካኒክ ነበርኩ። አቶ ሰለሞን የሚባሉ ባለሀብት ከቡራዩ ወደ ሆለታ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ የድሮ የመስኖ ግድብ ተከራይተው መዝናኛ ከፍተው ነበር። የጀልባ ሞተር የሚጠግን ሰው ሲፈልጉ አገኙኝ። ባሻ ወርቁ ደግሞ በባሕር ኃይል ምጽዋ ያገለገሉ ሻምበል ባሻ ናቸው። ቤታቸው ሱሉልታ ነው፤ እሑድ ማታ ይሄዳሉ፣ ሰኞ ጠዋት ይመለሳሉ።

አቶ ሰለሞን ከዱባይ ያስመጡት አንድ ዕቃ ነበር። እኛ «ወንበሩ» እንለው ነበር። ጠባብ ጣውላ የሚመስል ሰሌዳ ነው፤ መሐሉ ላይ ቀበቶ ያለው መቀመጫ፣ ፊቱ ላይ የእግር ማሰሪያ አለው። ከሥሩ ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚያንስ የብረት ዘንግ ይወርዳል። ዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ አውሮፕላን ክንፍ የተዘረጉ ሁለት ክንፎች አሉ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ጀልባው ሲጎትተው ክንፎቹ ውሃ ውስጥ ሆነው ሰሌዳውንና ሰውየውን ወደ ላይ ያነሳሉ።

አንድ ጊዜ እኔም ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያ ውሃው ደረትህን ይገፋዋል፣ ፊትህ ላይ ይረጫል፣ ምንም አይታይህም። ከዚያ ድንገት መንቀጥቀጡ ይቆማል። ጀልባው ሩቅ ሆኖ ይጮኻል፤ አንተ ግን ከውሃው አንድ ክንድ ከፍ ብለህ ያለ ድምፅ ትሄዳለህ። የወረድኩት እየሳቅኩ ነው። በነጋታው ግን ጀርባዬን ማጎንበስ አቃተኝ፤ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ስለተለጠጥኩ ክንፉ ከውሃ ወጥቶ ነበርና መልሶ ሲጥለኝ መቀመጫው አከርካሪዬን መታኝ።

አደጋው ይኸው ነው። ክንፉ ከውሃ ከወጣ ይጥልሃል። ከወደቅክም በኋላ ከወንበሩ ጋር ታስረሃል፤ ክንፉ ደግሞ ጠርዙ ስለታም ነው፣ አጠገብህ ይገላበጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ዘንጉ ከሥር ከአንድ ነገር ጋር ሲጋጭ ነው። ሰሌዳው ባለበት ይቆማል፣ የሰው አካል ግን አይቆምም።

ስለዚህ ባሻ ሕግ አውጥተው ነበር። ሄልሜትና ላይፍ ጃኬት ያላደረገ አይቀመጥም። በጀልባው ላይ ነጂ ብቻውን አይወጣም፤ ወደ ኋላ የሚያይ ተመልካች አብሮ ይኖራል። በየሰኞው ጠዋት ደግሞ የእርሳስ ክብደት የታሰረበትና በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ይዘው መንገዱን ሁሉ ይለካሉ። ሦስት ሜትር ያልሞላበትን ቦታ በደብተራቸው ያሰፍሩትና በዚያ በኩል አንሄድም።

በሁለተኛው ዓመት ነጂ ሆንኩ። ባሻ ተመልካች ሆኑ፤ «ዓይኔ ከአንተ ይሻላል» ብለው ራሳቸው መረጡ። በወንበሩ ላይ የምትወጣው፣ እንግዶችንም የምታሠለጥነው ሌንሳ ነበረች። የኦቦ ድሪባ ልጅ ናት፤ አባቷ ከግድቡ ማዶ ያርሳሉ። በዚያ ውሃ ዋና የተማረች ልጅ ነበረች። በወንበሩ ላይ ስትወጣ ወገቧን ብቻ እያዘነበለች ከግራ ወደ ቀኝ ስታመጣው፣ በዳር የሚያልፉ ገበሬዎች እንኳ በሬያቸውን አቁመው ያዩዋት ነበር።

«አትፈሪም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ምን ያስፈራኛል? ከኋላዬ ማንም የለም፤ ከፊቴ እናንተ አላችሁ» አለችኝ።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሲጀመር እንግዳ መምጣት አቆመ። መጀመሪያ በቅዳሜና እሑድ ብቻ ይመጡ ነበር፣ ኋላ ጭራሽ ጠፉ። አንድ ቀን ሰበታ መንገድ ይዘጋል፣ በሌላው ቡራዩ ወይም ሱሉልታ። ጥይት የምንሰማበት ቀን ነበር። አብሮን የሚሠራ የጥበቃ ሠራተኛ የወንድሙን ልጅ ቀብሮ ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ሥራ ተመለሰ። የገበሬውን መሬት ቆርሶ ለከተማ የሚሰጥ ፕላን ነው ይባል ስለነበር፣ አጥራችን ላይ የተሰቀለውን የመዝናኛውን የስም ሰሌዳም ሰው በክፉ ዓይን ያየው ጀመር። ሌንሳ እንኳ ቤቷ ውስጥ «እዚያ ትሠሪያለሽ ወይ?» ተብላ መጠየቅ ጀምራ ነበር።

ባሻ ሁለት ሰኞ በተከታታይ ሳይመጡ ቀሩ። በስልክ «ከሱሉልታ መኪና አይወጣም። እስክመጣ ወንበሩን አታውጡት» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አቶ ሰለሞን ደወሉ። ሁለት ሰዎች ይዘው እየመጡ ነው፤ ሰዎቹ በመዝናኛው ውስጥ ሽርክና ሊገቡ ያስባሉ።

«ሌንሳ ትውጣና ይዩዋት» አሉኝ።

«ባሻ የሉም» አልኳቸው።

«ቶሎሳ፣ እነዚህ ሰዎች ካልገቡ በወሩ መጨረሻ በሩን እዘጋዋለሁ። ለአንድ ዙር ብለህ ነው?»

በዚያን ጊዜ አሥራ ሁለት ሠራተኞች ነበርን። ይህን የምጽፈው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። እምቢ ብል ሊያባርሩኝ እንደማይችሉም አውቅ ነበር፤ ሌላ ነጂ አልነበራቸውም።

ሌንሳ ልብሷን ቀይራ መጣች። «ማን ያየኛል?» አለችኝ።

«መስታወት አለኝ፤ በመስታወቱ አይሻለሁ። አንድ ዙር ብቻ ነው።»

ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ አንተ ካልክ» ብላ ቀበቶዋን አሰረች።

በጋው ውሃውን እያወረደው ነበር። ሁለት ሳምንት አልለካንም። ይህን አውቅ ነበር፤ ግን መሐሉን ይዤ ከሄድኩ ምንም አይደለም ብዬ አሰብኩ። መሐሉን ይዤም ጀመርኩ። ሌንሳ እንደ ሁልጊዜዋ ቀጥ ብላ ወጣች። በመስታወቱ ውስጥ ሄልሜቷ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። አቶ ሰለሞንና እንግዶቹ በዳር ከዛፉ ሥር ቆመዋል። ከዚያ ርቀት በደንብ አያዩዋትም ብዬ፣ አንድ ዙር ብቻ ያልኩትን አልፌ በሁለተኛው ዙር ጀልባውን ወደ እነሱ አስጠጋሁት። ማንም አስጠጋ አላለኝም።

በዚያ በኩል ግድቡ ከመሞላቱ በፊት የእርሻ ድንበር የነበረ የድንጋይ ካብ አለ። በባሻ ደብተር ላይ በቀይ ተሰምሮበታል። ፊቴን ወደ ዳሩ አድርጌ ከእንግዶቹ ምን ያህል እንደራቅኩ እየለካሁ ነበር። ከዚያ ጀልባው አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተጎትቶ ወዲያው ቀለል አለኝ። ስዞር ገመዱ ብቻውን በውሃው ላይ ይከተለኛል።

ሞተሩን አጥፍቼ ዋኝቼ ደረስኩባት። ላይፍ ጃኬቱ በጀርባዋ አንሳፍፏታል፤ ወንበሩ ጎኗ ላይ ተንጋዶ ነበር። ጭኗን ክንፉ ቆርጦታል። ዓይኗ ክፍት ነው። «እግሬ የት አለ?» አለችኝ። እግሯ በማሰሪያው ውስጥ እንዳለ ነበር።

ባሻ ያስተማሩንን አስታወስኩ፤ አልጎተትኳትም። ቀበቶውንና የእግር ማሰሪያውን ፈትቼ፣ ከዳር ዋኝተው የደረሱት ጥበቃዎች ከጀልባው ወለል የነቀሉትን ጣውላ ከሥሯ አስገብተን በገመድ ጠፈርናትና ወደ ዳር አውጥተን በመዝናኛው ፒክአፕ ጭነን ወጣን።

ከቡራዩ መግቢያ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ጎማ ይቃጠላል። ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ከበቡን። በፒክአፑ በር ላይ የመዝናኛው ስም ተጽፏል። አንዱ ስሙን በድንጋይ መታው። «ኤሳ ዴምቱ?» አለኝ፣ ወዴት ናችሁ ማለቱ ነው።

«ሆስፒታል። የተጎዳች ልጅ ይዣለሁ» አልኩት በኦሮምኛ።

«የሀብታሙ እንግዳ ናት?»

ሌንሳ ከኋላ ሆና፣ በደከመ ድምፅ «አኒ ኢንተላ ኦቦ ድሪባቲ» አለች። የኦቦ ድሪባ ልጅ ነኝ ማለቷ ነው። ልጁ ፒክአፑ ላይ ወጥቶ አያት። ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ዞሮ «ከራ በና»፣ መንገድ ክፈቱ፣ ሲል ጓደኞቹ ድንጋዩን በእጃቸው እየጎተቱ መንገዱን ከፈቱልን። ሁለቱ ከፊታችን እየሮጡ እስከሚቀጥለው ድንጋይ ድረስ አደረሱን። ከዚያ ወዲያ ግን ወታደሮች አቆሙን፤ እስኪያሳልፉን ብዙ ጠበቅን። አዲስ አበባ ሆስፒታል ስንደርስ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር።

አከርካሪዋ ተሰብሯል። ጭንቅላቷም ስለተመታ የዚያን ቀን ከቁርስ በኋላ የሆነውን ምንም አላስታወሰችም። ሐኪሙ «እንደገና ትራመድ ይሆናል፣ ጊዜ ይወስዳል» አለን።

ማምሻውን ከእንግዶቹ አንዱ፣ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ወደ ጎን ወሰደኝ። «ልጅቷ እጇን ሁለት ጊዜ አንስታ ነበር፤ እንዲህ አድርጋ» ብሎ መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ። የእኛ የማቆሚያ ምልክት ነው። የውሃው መልክ ሲቀየር አይታ ይሆናል። እኔ በመስታወቱ አላየሁም፤ መስታወቱን እያየሁም አልነበረም።

አቶ ሰለሞን በነጋታው ሪፖርት እንድጽፍ ጠየቁኝ። «ሚዛኗን ስታ ወደቀች ብለህ ጻፍ። የመድን ሰዎች ብዙ ይጠይቃሉ፤ ሕክምናዋን እኔ እችላለሁ» አሉኝ። እንዳሉት ጻፍኩ። ስለ ተመልካቹ፣ ስለ ካቡ፣ ስለ እጇ አንድ ቃል አላሰፈርኩም። ፈረምኩ። ሕክምናዋን በቃላቸው መሠረት ቻሉላት።

ባሻ መንገዱ ሲከፈት መጥተው ደብተራቸውን ወሰዱ። «አውጣው አላልኩህም» ብለውኝ በዚያው ሥራቸውን ለቀቁ። መዝናኛው በክረምቱ ተዘጋ። እኔ ሰበታ ተመልሼ ወደ ፓምፕ ጥገና ገባሁ።

ሌንሳን በየወሩ እጠይቃት ነበር። መጀመሪያ በአልጋ፣ ኋላ በተሽከርካሪ ወንበር፣ ከዚያ በሁለት ምርኩዝ። በየጊዜው አንድ ዓይነት ጥያቄ ትጠይቀኝ ነበር። «ምን አድርጌ ነው የወደቅኩት? ወደ ኋላ ተለጥጬ ነው?» እኔም «ድንገት ነው፣ አታስቢው» እላት ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ አልኳት።

አንድ ቀን ስሄድ ኦቦ ድሪባ ደጅ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ግባ፣ ቶሎሳ። በእንቅልፏ እንኳ ‹ተሳሳትኩ› ትላለች። እስቲ አንተ ንገራት፤ አንተን ታምናለች» አሉኝ። ገባሁ። አባቷ ተከትለው ገብተው ቆሙ። በእሳቸው ፊት ነገርኳት፤ ተመልካች አለመኖሩን፣ ወደ ዳር ማስጠጋቴን፣ እጇን ሁለት ጊዜ ማንሳቷን፣ ሪፖርቱንም።

«አንስቼ ነበር?» አለችኝ።

«ሁለት ጊዜ።»

«እንግዲያው ሥራዬን በትክክል ሠርቼ ነበር» አለች፤ አለቀሰች። ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ «አሁን ሂድልኝ፣ ቶሎሳ» አለችኝ።

ኦቦ ድሪባ እስከ በሩ ሸኙኝ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡኝም። እንድመጣ የምትፈልግ ስላልመሰለኝ ዳግም ወደዚያ ቤት አልሄድኩም። ዛሬ በአንድ ምርኩዝ እየሄደች ቡራዩ ውስጥ የሕፃናት ልብስ መደብር ውስጥ እንደምትሠራ ሰምቻለሁ። ውሃ ዳር ትሂድ አትሂድ አላውቅም።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይህን ብቻ ነው። ነጂ ወደ ፊት ያያል፤ ወደ ኋላ የሚያይ ሌላ ሰው ከሌለ ሞተሩ አይነሳም። ሰው በእጃችሁ ከተጎዳ ደግሞ የሆነውን በዚያው ቀን ንገሩት። እኔ ሁለቱንም አላደረግኩም።