የታናሽ ወንድም ጉልበት

ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሴራሚክ ያነጠፈ ነው። እሱ ባነጠፈው ወለል ላይ ብይ ብታስቀምጥ አትንከባለልም። ደንበኞቹ «ውሃልክ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ታናሽ ወንድሙንም ሙያውን ያስያዘው እሱ ነው።

ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ወዲህ ግን የቀኝ ጉልበቱን ከኋላ በኩል ያመው ጀመር። አልወደቀ፣ አልተመታ። ሲራመድ ደህና ነው። ቁጢጥ ሊል ሲል ግን ውስጡ አንዳች ነገር የተወተፈበት ይመስል እግሩ አልታጠፍ ይለዋል። ለማንም አልተናገረም። ታናሹ ከጎኑ እንደ ድመት ዝቅ ብሎ ተረከዙ ላይ ቁጭ ሲል እያየ አንጀቱ ያራል።

አንድ ቀን ቤት የምታሠራ ሴትዮ ደወለች።

«ውሃልክ ነህ?»

«አዎ፣ ነኝ።»

«አይ፣ ትንሹን ውሃልክ ፈልጌ ነው።»

ስልኩን ለወንድሙ አቀበለና የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠ። ስሜን ሳይቀር ወሰደብኝ ሲል አሰበ። ከዚያ ወዲያ የወንድሙን ስህተት ሲፈልግ ይውል ጀመር። አንድ ጠዋት ምንም ያልሆነውን ሴራሚክ «ተንጋዷል» ብሎ አስነቀለው። ታናሹ ነቅሎ ሲያበቃ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ቁጢጥ ማለት ሲያቅትህ አያለሁ፤ አንተን ያስቸገረህ ጉልበትህ ነው። ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ቦታዬን ቶሎ ልትረከብ ነው?»

«ቦታህንማ ብፈልግ ዝም እልህ ነበር።»

የመጀመሪያው ሐኪም ጅማቱ ተበጥሷል አለ። ቀጥሎ ያየችው የአጥንት ስፔሻሊስት ግን እግሩን ይዛ ወደ ፊት ስትስበው ንቅንቅ አላለም። የተበጠሰ እንዲህ አይዝም ብላ ኤምአርአይ አዘዘች። ውጤቱ ሲመጣ ምስሉን አሳየችው።

«መሃል ላይ ያለው ጅማት አልተበጠሰም። ውስጡ ተበላሽቶ፣ ዝልግልግ ነገር ሞልቶት አብጧል። ሲያጥፉት ቦታ ያጣል። በካሜራ ገብተን የተበላሸውን ፍቀን እናወጣለን፣ ጤነኛውን እንተዋለን። ትንሽ ሊላላብዎት ግን ይችላል።»

«ወንድሜም እንደኔው ተንበርክኮ ነው የሚውለው። እሱን ለምን አልያዘውም?»

«ምክንያቱን እንኳን እኛም አናውቅም» አለች ሐኪሟ።

አጠገቡ የተቀመጠው ታናሹ አንገቱን ደፋ።

ከወገብ በታች አደንዝዘው፣ በሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ገብተው ሠሩለት። ቤት በተኛባቸው ሳምንታት ታናሹ ሥራውን ብቻውን ይዞ፣ ማታ ማታ የዋለበትን ወለል ፎቶ ያሳየዋል። ታላቁ ፎቶውን እያጎላ እንከን ይፈልጋል። አንድ ቀን በር ሥር ሰፋ ያለ መጋጠሚያ አገኘ። የዚያን ዕለት እራቱ ጣመው።

በየቀኑ እግሩን እያጠፈ እየዘረጋ፣ በአራተኛው ወር ተረከዙ መቀመጫውን ነካ። ደረጃ ሲወርድ ብቻ ጉልበቱ ትንሽ ይከዳዋል። ከመጨረሻው ምርመራ ሲመለሱ፣ ታክሲ ውስጥ ታላቁ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣

«ቀንቼብህ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ። እኔስ ባንተ ስቀና አይደል ያደግኩት?»

በማግስቱ አንድ መታጠቢያ ቤት አብረው ጀመሩ። ታናሹ ግድግዳውን ያዘ፤ ወለሉን ለታላቁ ተወለት።