ሳይበጠበጥ የቀረው መድኃኒት

የእኔ ወረፋ አይንቀሳቀስም እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ! ከሕፃናት ተመላላሽ ክፍል ማንም እናት የዱቄት መድኃኒቱን ፊቴ በገዛ እጇ ሳትበጠብጥ አትወጣም። "ሲስተር፣ ባልትና ማስተማር ጀመርሽ እንዴ?" ይሉኛል ባልደረቦቼ። ምሳዬንም ብቻዬን ነው የምበላው፤ እኔ ስጨርስ እነሱ በልተው ተነስተዋል።

ዲላ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው፤ ጌዴኦኛ አልችልም። አከራዬ ከልጆቿ ጋር ስትስቅ ምን እንዳሳቃቸው ሳላውቅ አብሬ እስቃለሁ። ክፍሌ ስገባ ሆድ ይብሰኛል።

በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት፣ አንድ ጠዋት ላይ ሁለት እናቶች መጡ። ሁለቱንም ልጆች የሳምባ ምች ይዟቸዋል፤ ለሁለቱም ያው መድኃኒት ታዘዘ። አንደኛዋ የከተማ ባለሱቅ ነች። "ሲስተርዬ፣ በሞቴ አንዴ አሳይኝ" አለችኝ፤ በጠበጥኩላት። ሌላዋ እናት ሴት ልጇን አዝላ ከቡሌ ገጠር የመጣች ናት። ውሃው ፈልቶ ይቀዝቅዝ፣ ጠርሙሱ ላይ እስካለው ምልክት ጨምሪ፣ ነቅንቂው አልኳት። "እሺ" አለች። "ገባሽ?" ስላትም "እሺ።" ቀና ብላም አላየችኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ውጭ ስንት ሰው ተሰልፏል!

በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ልጅቷ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ጠርሙሱን ስከፍተው ዱቄቱ ደረቅ ነው፤ በጣቷ እየነካች ስታስልሳት ነበር የሰነበተችው። ጮህኩባት። "ነግሬሽ አልነበር? ምን ዓይነት እናት ነሽ?" አልኳት፤ ምላሴን ይቁረጠው። እሷ አሁንም "እሺ" አለችኝ። ያኔ ነው ክው ያልኩት፤ ለካ በአማርኛ ከነገርኳት አንዱም አልገባትም። ጋዋን ለለበሰ ሰው አልገባኝም ማለት ነውር መስሏት ነው።

ልጅቷ ኦክስጅን ላይ ሁለት ቀን ቆየች። ባለሱቋ ልጇን ለቀጠሮ ስታመጣው አግዳሚው ላይ እየዘለለ አስቸግሯት ነበር። የቡሌዋ ልጅ በዚያው ጠዋት ሞተች።

እናትየው ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ስትወጣ፣ በር ላይ ቆመችና በጌዴኦኛ አንድ ነገር አለችኝ። ጌዴኦኛ የሚችለውን የበሩን ዘበኛ ምን አለች አልኩት።

"ሲስተርን አስቆጥቻታለሁ፣ ይቅር ትበለኝ ነው የምትለው።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው በላት" አልኩት።

ዘበኛው ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ዞሮ ሁለት ቃል ብቻ ተናገራት። ምን እንዳላት እስከ ዛሬ አላውቅም። እሷ እጅ ነስታኝ ወጣች።