በሦስት ጎማ ላይ መቆም

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ይሮጥ ነበር። ቦሌ በአንድ የእርዳታ እህል መጋዘን ጸሐፊ ሳለሁ፣ ለአብዮት በዓል መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ትርኢት ያቅርብ ተባለ። አለቃችን ፈረንጆች ትተውት የሄዱትን፣ ወፋፍራም ጎማ ያለውን ባለ ሦስት እግር ሞተር አስታወሰና «አንድ ሰው ላዩ ላይ ቆሞ ባንዲራ እያውለበለበ ይለፍ!» አለ። ሁሉም ጫማ ጫማውን ሲያይ እኔ «እቆማለሁ» አልኩ። ማን ጠየቀሽ በሉኝ!

ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ገና ስሞክረው ወደቅኩ። ሞተሩም ተገልብጦ ጭንቅላቴን በስንዝር ሳተኝ። እየሮጡ የደረሱት ሽማግሌው መካኒካችን ነበሩ፤ ከመፍቻ በቀር ስለ ምንም ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ሞተሩን አቀኑና ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ በዚያ በግሪስ በተጨማለቀ ሰማያዊ ካፖርት ኮርቻው ላይ ቀጥ ብለው ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው ሜዳውን ዞሩት። የፈጣሪ ያለህ!

ሲወርዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የጃንሆይ አጃቢ ሞተረኛ ነበርኩ። እዚህ የሚያውቅ የለም፤ ከታወቀ አለቀልኝ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አሳዩኝ?»

«አንገትሽ ሊሰበር ነበር እኮ፣ ልጄ።»

ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ ያስተምሩኝ ጀመር። አንድ ሳምንት ሙሉ ሞተሩን አላስነሱልኝም። ከተደረደረ ኬሻ ላይ እየዘለልኩ ባዶ ጆንያ ላይ መውደቅ ብቻ! «እጅሽን አትዘርጊ፣ አገጭሽን ሰብስቢ፣ ተንከባለይ።» ተናደድኩ። «መውደቅማ ማንም ይችላል!» ስላቸው፣ «ማንም አይችልም» ብለው እንደገና አዘለሉኝ። በኋላ ወገቤን በሲባጎ ከሞተሩ ሽቦ ጋር አሰሩት፤ ከወደቅኩ ሽቦው ተነቅሎ ሞተሩ ቀጥ ይላል።

መጀመሪያ የቆምኩ ቀን የረር ተራራ ከፊቴ ብድግ ብሎ ታየኝ። አውሮፕላን በላዬ ሲያልፍ ልነካው የምችል መሰለኝ። እንደዚያ ሆኜ አላውቅም፤ አለቀስኩ።

ከበዓሉ በፊት አንድ ካድሬ ትርኢታችንን ሊገመግም መጣ። ሜዳውን ቆሜ ዞርኩለትና ሞተሩን ሳላጠፋ ከፊቱ አቆምኩ። አላጨበጨበም።

«ይኼ የመጋዘን ጸሐፊ ሙያ አይደለም። ማነው ያሠለጠነሽ?»

ሽማግሌው አጥሩ ጋ ቆመው እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ንጹሕ እጅ ይጠርጋሉ። ያ የሚሮጥ ምላሴ ለአንዴ ቀስ አለ።

«ማንም፣ ጓድ። ወድቄ ወድቄ ነው የተማርኩት» አልኩና፣ እንዲያምነኝ ከኮርቻው ላይ ራሴን ወደ ሜዳው ወረወርኩ። ሲባጎው ሽቦውን ነቀለ፣ ሞተሩ ጸጥ አለ። አገጬን ሰብስቤ ተንከባለልኩና አቧራ ለብሼ ተነሣሁ። ካድሬው ሳቀ። «ይቺ እብድ ናት!» ብሎ ከትርኢቱ ዝርዝር ውስጥ ጻፈኝና ሄደ።

ሽማግሌው መጥተው ሲባጎውን ከወገቤ ሊፈቱ ጎንበስ አሉ። ሞተር ላይ ሲቆሙ ያልተንቀጠቀጡት እጆቻቸው ቋጠሮው አቃታቸው። እኔው ፈታሁት።