መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው ስልክ

ድሬዳዋ ውስጥ እኛ የቴሌ ሠራተኞች የቤት ስልክ ከመዳብ ሽቦ ወደ ፋይበር ስንቀይር ነው። አንድ ቀጭን ገመድ ስልኩንም፣ ኢንተርኔቱንም፣ ቴሌቪዥኑንም ይዞ ይገባል። ሰው ይደሰታል፤ እኛም ስንመረቅ እንውላለን።

መጋላ ሰፈር አንዲት የሱማሌ እናት ቤት ገባሁ። ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ ዓይናቸው ሲደክም ሱቁን ትተዋል። ባለቤታቸው አስም አለባቸው። እናትየዋ ሞባይል አይሆንላቸውም፤ የቤቱን ስልክ ቁልፎች ግን በጣታቸው ያውቋቸዋል። ጨርሼ ዕቃዬን ስሰበስብ፣

"ልጄ፣ መብራት ሲጠፋስ ይሠራል?" አሉኝ።

የድሮው ስልክ ኤሌክትሪኩን በራሱ ሽቦ ያገኝ ነበር። አዲሱ ግን መጠባበቂያ ባትሪ ካልተገጠመለት ከመብራቱ ጋር ይጠፋል። ባትሪው ደግሞ መጋዘናችን ውስጥ አልነበረም። እውነቱን ብናገር "እንግዲያው የድሮውን መልስልኝ" ሊሉኝ ነው። በዚያ ሙቀት ገና ሁለት ቤት ይቀረኛል።

"ይሠራል፣ እናቴ" አልኳቸው።

በሦስተኛው ሳምንት "ስልኩ እምቢ አለ" የሚል አቤቱታ መጣና እኔው ተላክሁ። ስደርስ ስልኩ ይሠራል። ሽማግሌው ባለቤታቸው ትራስ ተደግፈው በዝግታ ይተነፍሳሉ። ከትናንት በስቲያ ቀትር ላይ መብራት ጠፍቶ ሳለ አስሙ ተነሥቶባቸው ኖሯል። እናትየዋ ስልኩን ቢያነሡት ዝም። ግድግዳ እየዳበሱ ወጥተው ባጃጅ አስቆሙ። ሽማግሌው ሆስፒታል ሲደርሱ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር።

"ዕቃው ነው አቦ፣ አንተ ምን አደረግክ" ብለው እናትየዋ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጡኝ። ጠጣሁት። ከዚያ የአቤቱታው ፎርም ላይ "የአጠቃቀም ችግር" ብዬ ጻፍኩና ጣታቸውን ይዤ የሚፈርሙበትን ቦታ አሳየኋቸው።

ባትሪ መጋዘን እንደገባ ለእሳቸው ይዤ ሄድኩ። ገጥሜ ስጨርስ፣

"ያን ቀን እንደማይሠራ አውቅ ነበር" አልኩ።

"ጠይቄህ ነበር እኮ።"

"አዎ፣ ጠይቀውኛል።"

ሽማግሌው ከአልጋቸው በሱማሌኛ ምን እንደምንባባል ጠየቁ። "ባትሪ አምጥቶልናል፣ ዱዓ አድርግለት" አሏቸው። ሱማሌኛ እንደምሰማ አላወቁም። ቀና ማለት አቃተኝ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "አሁን ቆጣሪውን አጥፋው" አሉ። አጠፋሁት። ማራገቢያው ቆመ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዳመጡ።

"ይሰማል" አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለባለቤታቸው።

ፎርሙን ግን እስከ ዛሬ አላረምኩትም።