ባዶው የሽመላ ጎማ

ከራይን ወንዝ ወዲህ፣ በፈረንሳይ በኩል ባለችው መንደራችን፣ ጣሪያው ላይ የሽመላ ጎጆ የሌለው ሰው ጥቂት ያፍራል። ሙሴ ማተርን ግን ጎጆው አላቸው፤ የሌሉት ሽመሎቹ ናቸው። ሽመላ እንዲያርፍበት ብለው የጭስ ማውጫቸው አናት ላይ ያሰሩት አሮጌ የጋሪ ጎማ ዓመታትን ባዶውን አሳልፏል።

እኔ እቤታቸው ፎቅ ላይ ተከራይቼ፣ ድልድዩን እየተሻገርኩ ጀርመን የምማር ነኝና፣ ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ አውቃቸዋለሁ ለማለት አልደፍርም። ጡረታ የወጡ ጣሪያ ሠሪ ናቸው። ከሟች ባለቤታቸው ከኦርታንስ ጋር ዕድሜ ልካቸውን ሲጨቃጨቁ፣ ዕድሜ ልካቸውንም ተቃቅፈው ገበያ ሲወርዱ ኖረዋል ይባላል። በመንደሩ እምነት ደግሞ ሽመላ ጠብ ያለበትን ቤት ትሸሻለች። ባዶው ጎማ እንግዲህ የሚያማው ትዳራቸውን ነበር።

«ወፍ እንኳ ያውቃል» አሉ ማዳም ሌዮኒ፣ ከመንገዱ ማዶ በራፋቸውን እያጠቡ። የእርሳቸው ጣሪያ ላይ ጥንድ ሽመሎች በየዓመቱ ይፈለፍላሉ።

«ኦርታንስ ካረፈች ስንት ዘመኗ! አሁን ከማን ጋር ልጣላ?» አሉ ማተርን።

«ከእኔ ጋር ነዋ። ሥራ ፈትቼ የምውል መሰለህ?»

ባለፈው የካቲት ሙሴ ማተርን ባልዲ፣ ሳሙናና ብሩሽ ይዘው ጣሪያው ላይ ወጡ። ጎማውን ፈትገው ፈትገው እንደ ሠርግ ሳህን አበሩት። ማዳም ሌዮኒ ሽቅብ አንጋጠው ተመለከቱ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እንግዳ ሲጠበቅ ቤት አይጸዳም?»

«በየዓመቱ ታጥበዋለህ?»

«ታዲያስ።»

«አንተ ሰው፣ ሽመላ ሌላ ሽመላ ያልኖረበትን ቦታ አታምንም! ይልቅ ኖራ በጥብጥና እንደ ኩስ አንጠባጥብበት።»

ሙሴ ማተርን የገዛ ጣሪያቸውን ከሚያቆሽሹ ጥርሳቸውን ቢነቅሉ ይመርጡ ነበር። ቢሆንም በማግስቱ ፊታቸውን አዙረው ኖራውን ደፉበት።

መጋቢት ላይ ወንዱ ሽመላ መጣ፤ ሴቷም ተከተለችው። ወንዱ ያመጣውን እንጨት እርሷ ወርውራ ትጥላለች፤ እርሱ መልሶ ያመጣል፤ መንቁራቸውን እያንኳኩ መንደሩን አደነቆሩት። ሙሴ ማተርን ባርኔጣቸውን አውልቀው መንገዱ መሐል ቆሙ።

«ሰማሽ ሌዮኒ? እየተጣሉ እኮ ነው።»

«ሰማሁ። ሴቷማ ቁርጥ ኦርታንስን።»

«ኧረ የእኔዋ ትብሳለች» አሉ ሙሴ ማተርን፣ ፊታቸው በርቶ።