የጣዝማዋ በርና የጋሼ ሀብተ ወልድ ድንጋይ

ጋሼ ሀብተ ወልድ የሚጠረጥሩት ሰው ሁሉ ስሙ ይለጠፍ ቢባል የጭድ ተራ ግድግዳ በሙሉ አይበቃም። ሃያ ስድስት ዓመት የተቀደደ ጆንያ ሲሰፉ የኖሩት ሁለት እርምጃ በማትሞላ ቦታ ላይ ነው። መርካቶ ውስጥ ሁለት እርምጃ መሬት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ለማንም አይነገርም። አጠገባቸው ሰው ከቆመ፣ ይሄ ምን አይቶ ነው የቆመው ይላሉ። እንዴት አደሩ ያላቸውን ሁሉ፣ ከሰላምታው ኋላ ምን ይዞ እንደመጣ ነው የሚያስቡት።

ከሁሉም የባሰባቸው ጎረቤታቸው ጀማለዲን ነው። ባዶ ጆንያ በጅምላ ይሸጣል፣ መጋዘኑ እሳቸው ጎን ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ መኪና ሲያራግፍ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉልኝ ብሏቸው ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነው ያለው። እሳቸው ግን ያቺን ቃል እስከዛሬ ያላምጧታል።

አምና ክረምት ሊገባ ሲል የጀማለዲን ልጅ መሊካ መጣችና ከጋሼ መቀመጫ አንድ ክንድ ርቃ ቁጢጥ አለች። ኮሌጅ ስለ ነፍሳት ነው የምትማረው። ግድግዳው ስር የስክሪብቶ ክዳን የምታህል ቀዳዳ አለች፣ ጥቃቅን ጥቁር ንቦች ይገባሉ ይወጣሉ። ጣዝማ ናት አለች፣ መሬት ውስጥ የምትኖረው፣ የማትናደፈዋ። ከራጉኤል እስከ አማኑኤል ፈልጋ ያገኘችው ይሄን አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ሌላው ቦታ መሬቱ በድንጋይና በሲሚንቶ ተደፍኗል። ጋሼም ጣዝማን ከአገር ቤት ያውቋታል። ማሯ ለሳል መድኃኒት ነው እየተባለ ትቆፈራለች፣ ከተቆፈረች ደግሞ አለቀላት።

ያኔ ተራው ኮብል ድንጋይ ሊነጠፍለት ነበር። ጀማለዲን ጎረቤቱን ሰበሰበ፣ አብረው ሠራተኞቹን ለመኑና ግድግዳው ስር ያለው አፈር እንዳለ ቀረ። ሻይ የምትሸጠው የሻሽወርቅ እጣቢዋን እዚያ መድፋት ተወች። ተሸካሚዎቹ በተቆረጠ ጄሪካን በሶብላ ተከሉ። ማሯን ፈልጎ የሚቆፍር እንዳይመጣም እንደ እቁብ ዕጣ እያወጡ በየተራ መጠበቅ ጀመሩ።

ጋሼም ገቡበት። ጣዝማዋ ካለች ኮብል የለም፣ ኮብል ከሌለ ቦታቸው አለች፤ እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ገብቷቸዋል። ያልገባቸው የሌላው ሰው ነው። ለነፍሳት ብሎ ሥራውን ፈቶ የሚቆም ነጋዴ የት ይገኛል? ወይ ማሯን ፈልጎ ነው፣ ወይ ነገ ጋሼ ጣዝማዋን ረበሹ ብሎ ሊያስነሳቸው ነው። እኔ ነቄ ነኝ ይሉ ነበር ለራሳቸው።

መስቀል ደረሰ። ጋሼ በየዓመቱ አስር ቀን አገር ቤት ይሄዳሉ። ሰው ሲሄድ ቦታው ላይ ድንጋዩን ትቶ ነው የሚሄደው፤ የሰው ድንጋይ ማንሳት ሰውየውን ራሱን አንጠልጥሎ እንደማውጣት ነው፣ በተራው አንድም ሰው አድርጎት አያውቅም። ዘንድሮ ግን የሚጠበቀው ሁለት ሆነ፣ ቦታዋም ቀዳዳዋም። አሰቡና መቀመጫ ድንጋያቸውን በማለዳ እያንከባለሉ ወስደው ልክ ቀዳዳዋ ላይ ጫኑት። በአንድ ድንጋይ ሁለቱም ተቆለፉ። ለማንም አልተናገሩም።

አገር ቤት ክትፎው ቀርቦ እሳቸው ድንጋዩን ነው የሚያስቡት። ስልካቸው የሄዱ ዕለት መንገድ ላይ ባትሪው አልቆ ጠፋ፣ ተዉት። በዘጠነኛው ቀን፣ እጅ ከፍንጅ ልያዛቸው ብለው፣ ከአውቶብስ ወርደው ሻንጣቸውን እንኳ ቤት ሳያስቀምጡ ጭድ ተራ ደረሱ።

ድንጋዩ የለም። ሦስት እርምጃ ርቆ ተቀምጧል። በነበረበት ደግሞ ጀማለዲን ራሱ ተንበርክኮ መሬቱን ያያል።

"ድንጋዬን ማን አነሳው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ" አለ፣ ሳያቅማማ። "ቀስ ይበሉ፣ እንዳይረግጧት።"

ሃያ ስድስት ዓመት የፈሩት ቀን ይሄው መጣ።

"መስቀልን ጠብቀህ ነው አይደል አንተ?"

ጀማለዲን ግን ወደ መሬቱ ነው ያመለከታቸው። የሄዱ ዕለት ከሰዓት መሊካ ስትመጣ፣ ጣዝማዎቹ እግራቸው ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ተሸክመው ድንጋዩን ይዞሩታል። በራቸው ጠፍቷቸዋል። ስልክ ተደወለ፣ በነጋታውም ተደወለ፣ ጋሼ የሉም። ድንጋዩን ለማንሳት የደፈረ አልነበረም፤ የተራው ሰው ሲሰበሰብ ሲበተን ሁለት ቀን አለፈ። በመጨረሻ የአንድ ሰው እጅ እንዳይሆን ተባለና አስራ አንድ ሰው እጁን አኑሮ አንድ ሰው የሚያነሳውን ድንጋይ አነሳ።

"ቦታዎን ሌላ ሰው እንዳይዘው ደግሞ በየተራ ተቀምጠንበታል፣ የመጣልዎትንም ጆንያ ሰፍተናል" አለች የሻሽወርቅ፣ የጆንያ ክምር እያሳየቻቸው። "ይሄን የሰፋው ጀማል ነው። ጤፍ ቀርቶ ድንች ያፈሳል።"

ጋሼ ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት፣ እውነትም ጠማማ ነው። ሻንጣቸውን አስቀመጡ።

"መሊካ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ብዙ አለቀብን?"

"ውጪ የቀሩት አልቀዋል ጋሼ። የውስጦቹን አላውቅም።"

ጎንበስ አሉ። ቀዳዳዋ ባዶ ናት። የሻሽወርቅ ለሁለት ሰው ሻይ ቀድታ ተመለሰች፣ አሁንም ባዶ ናት። ሊነሱ ሲሉ አንዲት ጥቁር ነገር ጭንቅላቷን አወጣች፣ ቆየች፣ በጆሯቸው ስር በረረች።

ቀና ሲሉ ገና ያኔ ድንጋያቸው የተቀመጠበትን አዲሱን ቦታቸውን አስተዋሉት። በእርምጃ ለኩት፣ ሁለት ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ልክ እንደ ድሮው። ጀማለዲን መኪና የሚያራግፍበት ቦታ ነው።

"የጆንያዎ አቧራ እላይዋ እንዳይራገፍ ብለን ነው" አለ ጀማለዲን።

"መኪናህስ የት ሊያራግፍ ነው?"

"እሱ ፈቀቅ ይላላ።"

ጋሼ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው መርፌያቸውን አወጡና የጀማለዲንን ስፌት አንድ በአንድ ይፈቱ ጀመር።

በነጋታው ግን ማንም ሳይደርስ መጥተው ግድግዳው ላይ በከሰል ሁለት ምልክት አሰመሩ። አንዱን ከድንጋዩ በላይ፣ አንዱን ከቀዳዳዋ በላይ። የሚጠበቀው አሁንም ሁለት ነው።